ወፍ የሌለበት አውጫጭኝ

ጅብራ ሜዳ፣ ጥር 4 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለሩሃማ፣

እንደምን ከርመሻል? እኛ ደህና ነን ብዬ ልጀምር ነበር፤ እናትሽ እቴናት አጠገቤ ተቀምጣ «ደህና ከሆንማ ለምን ትጽፋለህ?» አለችኝ። እውነቷን ነው። ስልኩ ከጠፋ አምስተኛ ወሩን ይዟል፤ ድንች ነጋዴው አምሳሉ ወደ ደብረ ማርቆስ እወርዳለሁ ስላለኝ ነው ብዕር ያነሣሁት።

የላክሽልኝ የወገብ መድኃኒት ደርሶኛል። በደብዳቤሽ ሁሉ የምትጠይቂኝ ስለ ወገቤ ነው፤ እሱስ ከእኔ ጋር አርጅቷል፣ ተዪው። ከእሱ የባሰ ነገር መጣብን። ባለፈው ሳምንት የሙላት የገብስ ክምር ተቃጠለ። የስምንት ነፍስ የዓመት ቀለብ በአንድ ሰዓት አመድ ሆነ። ማን እንዳቃጠለው አልታወቀም። ፖሊሱም ዳኛውም ከሄደ ቆይቷል፤ የቀበሌው ጽሕፈት ቤት ደጃፍ ላይ ዶሮ ይጭራል። ሙላት ደግሞ ወገኑ ብዙ ነው፤ ገና በሦስተኛው ቀን ወንድሞቹ ጠመንጃ መወልወል ጀመሩ። ደም ሳይፈስ ብለን ሽማግሌዎቹ ተሰበሰብንና በአባቶቻችን ሥርዓት አውጫጭኝ ይደረግ አልን። ሦስት ዳኞች ተመረጡ፤ ሰብሳቢው እኔ ሆንኩ።

አንቺ አውጫጭኝ አላየሽም። አገሬው በሙሉ ሜዳ ላይ ይቀመጣል፤ ጥፋተኛው እስኪወጣ ድረስ ወደ ቤቱ የሚሄድ የለም፤ ሦስት ቀንም ይሁን አራት ቀን። ዳኞቹ ራቅ ብለው ይቀመጣሉ፤ እያንዳንዱ ሰው ምሎ ይመጣና ያየውን በጆሯቸው ይነግራቸዋል። «አየሁ» አይልም፤ «ወፍ ነገረችኝ» ነው የሚለው። ስለዚህ ተናጋሪውም ወፍ ይባላል። ዳኛው «በምን አወቅህ? የት ቆመህ ነበር? ምን ለብሶ ነበር?» እያለ ያስጨንቀዋል። ያልተመካከሩ ሦስት ወፎች አንድ ነገር ካልተናገሩ ስም አይወጣም። መልካም ሥርዓት ነበር። ነገር ግን እኔ ልጅ ሳለሁ አንዱ ዳኛ የወፉን ስም ለበዳዩ ነገረበት፤ ሰውዬው በሳምንቱ ወንዝ ዳር ተገድሎ ተገኘ። ሰው ይህን አልረሳም። አሁን በየቤቱ ጠመንጃ ባለበት ጊዜ ማን ደፍሮ ወፍ ይሆናል?

የምጠይቅሽ ይህን ነው። አንቺ የሥነ ዜጋ መምህርት ነሽ። ማን እንደሰጠው የማይታወቅ ድምፅ እንዴት ነው የሚሰጠው? ደግሞስ ለጥፋት ድምፅ ይሰጣል ወይ? እኔ አራት መንግሥት አይቻለሁ፤ በድምፅ ሹም ሲመረጥ እንጂ ሌባ ሲመረጥ አላየሁም። ቶሎ መልሺልኝ፤ የሙላት ወንድሞች ብዙ አይታገሡም።

አባትሽ አንለይ


ደብረ ማርቆስ፣ ጥር 12 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለውድ አባቴ፣

ጤና ይስጥልኝ። ደብዳቤዎ በጥምቀት ማግሥት ደረሰኝ። አምሳሉ ነገ በጠዋት ስለሚመለስ በችኮላ ነው የምጽፈው፤ ፊደሌ ቢንጋደድ ይቅር ይበሉኝ።

ትምህርት ቤታችን እንደተዘጋ ነው። ጠመኔ ከያዝኩ ስንት ጊዜዬ። ማንም ምንም አይጠይቀኝም፤ ቤት ውስጥ ተቀምጬ ግድግዳ አያለሁ። ጥያቄዎን ሳነብ በደስታ አለቀስኩ ብልዎ ያምኑኛል? በየዓመቱ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ሦስት ዓምድ እሠራለሁ፤ ዘውዳዊ፣ አምባገነናዊ፣ ዲሞክራሲያዊ። ከሥራቸው «ማን ይወስናል?» ብዬ እጽፋለሁ። አንድ ሰው፣ ጥቂት ሰዎች፣ ሕዝብ። ተማሪዎቼ ሁልጊዜ «መምህርት፣ ሦስተኛውን የት አይተውት ነው?» ይሉኛል። እስቃለሁ እንጂ መልስ ኖሮኝ አያውቅም። አሁን «ጅብራ ሜዳ፣ አባቴ አገር» ብላቸው እንዴት ደስ ይለኛል።

አደራረጉ ቀላል ነው። ወረቀቶቹ እኩል ይሁኑ። እያንዳንዱ ሰው ብቻውን ሄዶ አንድ ስም ይጻፍ፤ መጻፍ ለማይችል አገሬውን የማያውቅ እንግዳ ሰው ይጻፍለት። ሣጥኑ የተዘጋ ይሁን፤ ቆጠራው በሕዝብ ፊት ይሁን። ከግማሽ በላይ ድምፅ ያገኘ ስም ይወሰንበታል። «በምን አወቅህ?» የሚለውን ጥያቄ ይተዉት፤ ሰውን የሚያስፈራው እሱ ነው። ለጥፋት ድምፅ ይሰጣል ወይ ላሉኝ ደግሞ፣ በሠለጠነው ዓለምም ተራ ዜጎች ተሰብስበው ጥፋተኛ ነው፣ አይደለም ብለው ይወስናሉ። ሦስት ሽማግሌ ይሳሳታል፤ ሕዝብ በሙሉ ግን እንዴት ይሳሳታል?

ወንድሜን ጸጋውን ሰላም ይበሉልኝ። ሚስቱስ፣ ሕፃኑ እንዴት ነው? አብሮ አደጌ ምሥራቅስ? በየካቲት ትወልዳለች ብላ እናቴ መልእክት ልካልኝ ነበር። ለእሷም ለባሏ ለይታያልም ሰላምታዬን ያድርሱልኝ።

ልጅዎ ሩሃማ


ጅብራ ሜዳ፣ ጥር 23 ቀን 2016 ዓ.ም.

ልጄ ሩሃማ፣

ሰላምታዬን ያሳጠርኩት ወረቀት ስለቸገረኝ ነው። ቤት ውስጥ የነበረውን ደብተር በሙሉ ለድምፁ ቀዳድጄዋለሁ።

እንዴት ሆነ ላልሽው፣ አንቺ እንዳልሽው ሆነ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰማንያ ስምንት ሰው ተሰበሰበ። ሣጥን ስለሌለን የእናትሽን አገልግል ክዳኑን ጠፍረን፣ ወረቀት የምታሾልክ ቀዳዳ ተውንለት። መጻፍ ለማይችለው ከአማኑኤል የመጣው መምህር ጻፈለት። ያቺ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ፊደል የቆጠረችው ባልቴት ደብሪቱ ግን ማንም አይጻፍልኝ ብላ በገዛ እጇ ጻፈች። ሰው ደስ ብሎት ነበር። በአውጫጭኝ ሦስት ቀን ሜዳ ላይ ይራብ የነበረ ሕዝብ በግማሽ ቀን ጨርሶ ለምሳው ደረሰ።

ስልሳ አንዱ ወረቀት «ይታያል» ይላል። አሥራ ዘጠኙ ያንን ሰካራም ጎረቤታችንን፣ ሰባቱ የሙላትን አማች ጠሩ። አንዷ ወረቀት አልተቆጠረችም።

አዎ፣ የምሥራቅ ባል ይታያል ነው። ከደብረ ኤልያስ መጥቶ እዚህ አግብቶ የቀረ፣ በዚህ አገር አንድ አጎት የሌለው ሰው። ክምሩ ከመቃጠሉ በፊት በድንበር ከሙላት ጋር ተነጋግሮ ነበር። ሲያቃጥል አየሁት ያለ ሰው የለም። አየህ ወይ ብሎ የጠየቀም የለም፤ አትጠይቁ ተብለን የለ። የሙላት ወገን ለብቻው ከአርባ ይበልጣል። ይታያል ራሱ ወረቀቱን አጥፎ አገልግሉ ውስጥ ሲከት በዓይኔ አይቼዋለሁ።

ቅጣቱ የቆየው ነው። ጥፋቱን አምኖ ካሳ እስኪገባ ድረስ እሳት አይጫርለትም፣ ሰላም አይባልም፣ ከእድር ወጥቷል። ከቤቱ ሰው ቢታመም ቃሬዛ የሚይዝለት፣ ቢሞትበት የሚቀብርለት የለም። ይህን የጣሰ እሱም እንደዚያው ይሆናል። ውሳኔውን ቆሜ ያነበብኩት እኔ ነኝ። ይታያል አልጮኸም፣ አልማለም። «ምሥራቅ ወሯ ገብቷል» ብቻ አለ።

በጭቃ ሹም ጊዜ ቢሆን ጭቃ ሹሙን እንረግመው ነበር። በገበሬ ማኅበር ጊዜ «እጅ አውጡ» ሲባል ሊቀ መንበሩ ማን እንዳላወጣ አንገቱን አስግጎ ያያል፤ እሱንም ቤታችን ገብተን እንረግመው ነበር። እሑድ ቤቴ ስገባ የምረግመው ሰው አጣሁ። ራቴን በልቼ ተኛሁ።

አባትሽ አንለይ


ደብረ ማርቆስ፣ ጥር 29 ቀን 2016 ዓ.ም.

ውድ አባቴ፣

ከዚህ ደብዳቤ ጋር ሁለት ደብተር ልኬልዎታለሁ። ደብዳቤዎን ሦስት ጊዜ አነበብኩት።

ያልጻፍኩልዎ ነገር አለ። የማስተምረው መጽሐፍ «የአብላጫው ውሳኔ፣ የጥቂቶች መብት» ይላል፤ ሁለቱ በአንድ መሥመር ላይ ነው ያሉት። እኔ የጻፍኩልዎ ግማሹን ነው። ችኮላ ላይ ነበርኩ ብል ግማሽ እውነት ይሆናል፤ ሌላው ግማሽ፣ ደስ ብሎኝ ስለነበር ነው። እነዚያ ጥፋተኛ ነው አይደለም ብለው የሚወስኑት ዜጎችም ዝም ብለው ስም አይጽፉም፤ ቀናት ሙሉ ተቀምጠው ምስክር ይሰማሉ። ይህንንም አውቀዋለሁ። በየዓመቱ ለፈተና አወጣዋለሁ።

አባቴ፣ ሽማግሌዎቹን ይሰብስቡልኝና ልጄ ተሳሳትኩ ብላለች ይበሏቸው። ከተማ ተቀምጣ የማታውቀውን አወራች ይበሉኝ፤ አይከፋኝም። ሌላው ሁሉ ይቅር፣ ቃሬዛውን ብቻ ያስፈቱልኝ። ምሥራቅ የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ ምን እንደሆነች ያውቃሉ። ያኔም በስምንት ሰው ትከሻ ሮብ ገበያ ጤና ጣቢያ ደርሳ ነው ነፍሷ የተረፈችው። ልጁ አልተረፈም።

ደግሞ አንዷ ወረቀት ለምን አልተቆጠረችም?

ልጅዎ ሩሃማ


ጅብራ ሜዳ፣ የካቲት 17 ቀን 2016 ዓ.ም.

ሩሃማ፣

መንገዱ ተዘግቶ ነው የዘገየሁት ብል ታምኚኝ ነበር። ውሸት ነው፤ አምሳሉ ሁለት ጊዜ ወርዶ ሁለት ጊዜ ተመልሷል። እጄ እምቢ ብሎኝ ነው። ምሥራቅ ዐርፋለች።

ሽማግሌዎቹን ለምኛለሁ፤ ይህን እወቂልኝ። «በድምፅ የታሰረ በድምፅ ይፈታል» አሉኝ። ሰው የሚሰበሰበው ደግሞ እሑድ ነው፣ እሑድ ይጠበቅ አሉ። እሷ ሐሙስ አማጠች።

ሴት ልጅ ወለደች፤ ደሙ ግን አልቆም አለ። ይታያል ከደጃፋችን መጥቶ ቆመ። አልተናገረም፤ እንዳይናገሩት የተባለ ሰው ምን ይናገራል። ነጠላው ደም በደም ነበር። ተነሣሁ። ጸጋው ሳልጠራው ሄዶ ቃሬዛውን ከእድሩ ቤት አውጥቶ መጣ። ቃሬዛ አራት ትከሻ ይፈልጋል፤ ለዚያ ቁልቁለት ደግሞ ስምንት ሰው እየተቀባበለ ነው የሚይዘው። እኛ ሦስት ነበርን፤ ሦስተኛው እኔ፣ ወገቤን የተያዝኩት። በየደጃፉ ሰው ቆሞ ያየናል። ክፉዎች አይደሉም ልጄ፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ከተው ያለቅሱ ነበር። እያንዳንዱ ሕዝቡን ፈርቶ ነው የቆመው፤ ሕዝቡ ደግሞ እሱው ራሱ ነው። ወንዙን ሳንሻገር ዐረፈች።

መቃብሯን የቆፈሩት ይታያልና ጸጋው ናቸው። ጸጋው እንዲያ ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም።

ሕፃኗ አለች። ይታያል ካለችው አንዲት ፍየል እያለበ በጥጥ ያጠባታል። የጸጋው ሚስት አራስ ናትና ጡቴን ልስጣት ብላ ተነሥታ ነበር። የሙላት ወንድሞች ቤቴ መጡ። «አንድ ጊዜ ለሽበትህ ብለን አልፈንሃል፤ ሁለተኛ ግን የሕዝብ ድምፅ ከጣስክ ያንተም ቤት ይዘጋል» አሉኝ። ዝናር የታጠቀ ሰው ስለ ሕዝብ ድምፅ ሲናገር ያስፈራል። ፈራሁ፤ ምራቴንም ተዪው አልኳት። እናትሽ ከዚያ ቀን ጀምሮ አታናግረኝም።

ማን ገደላት ብለሽ እንደምትጠይቂኝ አውቃለሁ። እኔም ፈልጌ አጣሁት። ድሮ የገደለ ሰው ይታወቃል፤ ይሸፍታል፣ ወይም ጉማውን፣ የደም ካሳውን፣ ይከፍላል፣ ወይም ይታረቃል። ይህችን ግን ሰማንያ ስምንት ሰው ትንሽ ትንሽ ተካፍሎ ገደላትና ለማንም የደረሰው አልከበደውም። ማግሥቱን ሁሉም እርሻው ገባ።

አባትሽ አንለይ


ደብረ ማርቆስ፣ የካቲት 22 ቀን 2016 ዓ.ም.

አባቴ፣

ጽፌ የቀደድኩት ከዚህ ይበዛል።

ለምሥራቅ የደረሰኝ ድርሻ ትንሽ አይደለም። «አይ ልጄ፣ አንቺ ምን አደረግሽ» ብለው እንዳይጽፉልኝ፤ እንደዚያ ካሉኝ ደብዳቤዎን አልከፍትም። ልጅ ሆነን ከትምህርት ቤት ስንመለስ ጫማ ያላት እሷ ብቻ ነበረች፤ አንዱን እግር ለእኔ ሰጥታኝ ሁለታችንም እያነከስን ወንዙን እንሻገር ነበር። እንዲህ ያለች ልጅ ናት። እኔ ደግሞ ግድግዳ ማየት ሰልችቶኝ በእሷ ላይ ትምህርት አስተማርኩ።

አንድ ነገር ይመልሱልኝ። ባለፈው ጠይቄዎት አልፈውኛል። ሰማንያ ስምንት ሰው ነበር ብለውኛል፤ የቆጠሩት ድምፅ ሰማንያ ሰባት ነው። ያቺ ወረቀት ባዶ ብትሆን ኖሮ «ባዶ ነበረች» ብለው በአንድ ቃል ይገላገሉ ነበር። ልጅዎ ነኝ፤ ዝም ሲሉ አውቅዎታለሁ። ማን ነበር የተጻፈባት?

ሩሃማ


ጅብራ ሜዳ፣ መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም.

ልጄ፣

«ጸጋው አንለይ» ይላል።

ስከፍታት ጮክ ብዬ ሳላነብ መዳፌ ውስጥ ያዝኳት። ከዚያ የይታያል ስም አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ ሲከታተል ልቤ መለስ አለ። አንድ ድምፅ ነው፤ አንድ ድምፅ ምን ማለት ነው? ምቀኛ ጽፎት ይሆናል አልኩ። «ይህቺ ባዶ ናት» ብዬ ጋቢዬ ውስጥ ከተትኳት። ይታያል ስልሳ ሲደርስ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ከሐቅ ይልቅ ብዛት እንዴት እንደሚያሳርፍ ያን ቀን አየሁ።

ከዚያ በጾሙ መግቢያ ደብሪቱ መጣች። ከደጅ ሳትገባ «አንተ አንለይ፣ ወረቀቴን የት አደረስካት?» አለችኝ። ከክምሩ እሳት ሲነሣ እሷ ፍግ ልታወጣ ከበረቷ ጀርባ ነበረች። ጸጋው በጋቢው እሳቱን ሲደበድብ፣ ሲያቅተውም ጋቢውን ጥሎ ሲሸሽ አይታዋለች። «ያየሁትን ብትጠይቁኝ ይህን ሁሉ እነግራችሁ ነበር። ወረቀታችሁ የጠየቀኝ ስም ብቻ ነው፤ ስሙን ጻፍኩላችሁ» አለች። አውጫጭኝ ቢሆን ኖሮ በጆሮዬ ትነግረኝ ነበር። የት ቆመሽ አየሽ እላት ነበር። ከጎኔ የተቀመጡት ሁለቱ ዳኞችም ይሰሟት ነበር፤ እኔ ልሸሽጋትም አልችልም ነበር።

ልጄን ጠየቅኩት። ጥያቄዬን ሳልጨርስ መሬት ላይ ተደፋ። ከክምሩ ጥግ ተሸሽጎ ሲጃራ ሲያጨስ ነው እሳቱ የተነሣው። እኔ ድቁና የተቀበልኩ ሰው ነኝና እንዳላየው ብሎ ነው የተሸሸገው። ሆን ብሎ አላቃጠለም። ከዚያ ወዲህ ዝም ያለው ግን ሆን ብሎ ነው፤ እሱንም አልካደኝም። ቃሬዛውን ተሸክሞ ሲያለቅስ የነበረው ለዚህ ነው።

አሁን ምን ላድርግ? ብናገር የሙላት ወንድሞች ልጄን ይገድሉታል፤ ባይገድሉትም ሚስቱና ሕፃኑ ምሥራቅ የሆነችውን ይሆናሉ። ዝም ብል የይታያል ልጅ ትሞታለች። ፍየሏ እየነጠፈች ነው፤ ልጅቱ ክንዷ እንደ ጣቴ ቀጥኗል። በንጉሡ ዘመን ቢሆን አቤት የምልበት ችሎት ነበረ፤ ዳኛው ጉቦ በላም ቢሆን አንድ ሰው ነው፣ አንድ ሰው ይለመናል፣ እግሩ ላይ ይወደቃል። ደርግም ቢሆን ቢሮ ነበረው። በሰማንያ ስምንት ሰው እግር ላይ እንዴት ይወደቃል? አንቺ የተማርሽ ነሽ፤ ንገሪኝ።

አባትሽ


ደብረ ማርቆስ፣ መጋቢት 11 ቀን 2016 ዓ.ም.

አባቴ፣

ሕፃኗን ወደ እኔ ይላኩልኝ ልል ነበር፤ ከትናንት ጀምሮ መኪና አይወጣም አይገባም። ይህን ደብዳቤ የያዘልኝ በእግሩ የሚሄድ አንድ መነኩሴ ነው። በዚህ ብርድ ያቺን ጨቅላ በእግር ሁለት ቀን የሚያመጣት የለም።

ይናገሩ። ይህን ስጽፍ ወንድሜን አሳልፌ እየሰጠሁ እንደሆነ አውቃለሁ። አዝዬ ያሳደግኩትን። ግን ይናገሩ፤ በወረቀት ሳይሆን በአፍዎ፣ በሁሉም ፊት። ጸጋውም ይናገር፣ ደብሪቱም ትናገር። ሰዎቹ የተሳሳቱት ስላልሰሙ ነው። እውነቱን ከሰሙ ይመለሳሉ። አንድ የቀረኝ እምነት ይህ ነው፤ ይህንንም ካጣሁ ትምህርት ቤቱ ቢከፈትም ክፍል አልገባም።

ጸጋውን እኅትህ ትወድሃለች ይበሉት።

ሩሃማ


ጅብራ ሜዳ፣ ሚያዝያ 3 ቀን 2016 ዓ.ም.

ልጄ ሩሃማ፣

ጸጋው ደህና ነው። መጀመሪያ የምትጠይቂኝ እሱን ስለሆነ ነው ያስቀደምኩት። ሕፃኗም አለች።

እሑድ ሰዉን ሰበሰብኩ። ዛሬ በወረቀት አይደለም፣ በቃል ነው አልኳቸው። ቆሜ ተናገርኩ። እሳቱ የተነሣው ከልጄ እጅ ነው፣ የደበቅኩትም እኔ ነኝ አልኩ፤ ወረቀቷንም አውጥቼ አሳየሁ። ጸጋው እንደተነጋገርነው ሊመሰክር ተነሣ። ልጁን ያቀፈች ሚስቱን አየና ተመልሶ ተቀመጠ። ደብሪቱን ጠራሁ። የሙላትን ወንድሞች አየት አደረገችና «ዓይኔ ደካማ ነው፤ ምን አይቼ ነው» አለች። አልፈርድባትም፤ ብቻዋን የምትኖር ባልቴት ናት።

ያን ጊዜ ሙላት ተነሣ። ይቆጣል ብዬ ነበር፤ አልተቆጣም። «አንለይ ምሥራቅ ትከሻው ላይ ስለሞተችበት ልቡ ተሰብሯል። ለይታያል አዝኖ የገዛ ልጁን ሊሰጠን ነው፤ እንዲህ ያለ ደግ ሰው ነው። ግን በድምፅ ያለቀ ነገር በአንድ ሰው አፍ ከፈረሰ ድምፁ ለምን ተሰጠ? ይህን ያስተማረን እሱ ራሱ አይደለም ወይ?» አለ። ሰዉ «እውነት ነው» አለ። ገባኝ ሩሃማ። እኔን ካመኑኝ ምሥራቅን በከንቱ ገድለዋታል። ይህን ተሸክሞ ማን ቤቱ ይገባል? እኔም ከእነሱ መሃል ብሆን አላምንም ነበር።

አንዱ «አንለይን የሚያምን እጁን ያንሣ» አለ። አራት እጅ ተነሣ። አንዱ የእናትሽ ነው፣ አንዱ የምራቴ፣ አንዱ የዚያ የአማኑኤሉ መምህር። አራተኛው የእኔ።

ይታያል ከዳር ሕፃኗን አቅፎ ተቀምጦ ነበር፤ ፍየሏ ከነጠፈች ሦስተኛ ቀኗ ነው። ተነሥቶ መሃል ገባና ተንበረከከ። «ያቃጠልኩት እኔ ነኝ። ሰይጣን አሳስቶኝ ነው፤ ማሩኝ» አለ።

ሰዉ ሁሉ ተነፈሰ። ሙላት አለቀሰ፤ ካሳውን በሁለት ዓመት አዝመራ ይክፈለኝ፣ እኔስ ይቅር ብዬዋለሁ አለ። ይቅር የሚል እጁን ያንሣ ተባለ። ሁሉም አነሣ፤ ጸጋውም አነሣ። ሴቶቹ ሕፃኗን ተሻምተው ወሰዷት። በአራቱም መንግሥት እንዲህ ደስ ብሎት የተበተነ ስብሰባ አላየሁም።

ይታያልን መንገድ ላይ ጠብቄ ያዝኩት። «ምነው ልጄ? ምነው እንዲህ አደረግክ?» አልኩት። «አባባ፣ የእርስዎ እውነት አራት እጅ አገኘ፤ በአራት እጅ ልጄ አትኖርም። ሁለተኛ እንዳይናገሩብኝ፤ ማርያምን» አለኝ። ዝም አልኩለት።

እውነቱን ከሰሙ ይመለሳሉ ብለሽኝ ነበር። ሰምተውታል።

ሕፃኗን አሁን የምታጠባት የጸጋው ሚስት ናት። አንዱን ጡት ለልጇ፣ አንዱን ለእሷ፤ ፊቷ መለስ ብሏል። ትናንት ይታያል ሊያያት መጣና ጸጋውን ከደጃፍ አገኘው። ጎንበስ ብሎ ጉልበቱን ሳመው፤ «ሚስትህ እንድታጠባልኝ ስለፈቀድክልኝ» አለው። ጸጋው አልከለከለውም፤ ስሞ እስኪጨርስ ድረስ ቆመለት።

አባትሽ አንለይ